ወንድሙ ሳይጠየቅ የተሸጠ ርስት

ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 1949 ዓ.ም.

ልጄ ሐብተ ማርያም፣ በካርቱም ሐሩር መድኃኔ ዓለም ጥላ ይሁንህ። እኔ አለሁ፤ ላሚቱ ወልዳለች።

የሚከራይ ቤት ልሥራ፣ ምከሪኝ ብለህ ጻፍህ። ምነው መልሴን ብትጠብቅ! በላክኸው ገንዘብ አጎትህ ውድነህ ከፒያሳ በታች የጎሹን ርስት ገዛልህ። ርስት ሲሸጥ አስቀድሞ ወንድም ይጠየቃል፤ የጎሹን ወንድም ግን የጠየቀው የለም። መሠረቱ ሲቆፈር ምንሽሩን ይዞ መጣና ውድነህን ደረቱን መታው። አጎትህ በቆፈረው ጉድጓድ ወድቆ ሞተ። ገዳዩ ወደ ሳንጃ በረሃ ሸፈተ።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ክንዴ ጠመንጃውን ይወለውላል። ሽማግሌዎች «መሬቱ ይመለስ፣ ደሙ ይድረቅ» ቢሉት፣ «መሬቱ የሐብተ ማርያም ነው፤ እሱ ሳይል አልመልስም» አለ።

እመቤቴ ከክፉ ትሰውርህ፤ «መልሱ» ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ። ቤት ሌላ ቦታ ይሠራል። ወንድም ግን አንድ ነው የቀረኝ።

እናትህ ወለተ ሚካኤል