ሃያ ስድስት የተኮስኩበት ቀን

ውድ የልጅ ልጄ፣ የቤታችን ደራሲ፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ ሁለት ወር ሙሉ ብቅ ያላልሽው ደህና ብትሆኚ ነው ብዬ ልያዘው። የልቦለድሽን ረቂቅ እናትሽ አምጥታልኝ፣ መነጽሬን ሁለቴ ወልውዬ አነበብኩት። ያ ከእኔ ቀድተሽ የሳልሽው ወታደር በጣም መልከ መልካም ነው፤ መልኩን እንዳትነኪው። የቀረው ግን ጉድ ነው! ኮረብታ ላይ አድፍጦ በአንድ ጀንበር ሃያ ስድስት ሰው ይጥላል።

ለካ የራቅሽኝ ለዚህ ኖሯል! ያን ቀን አሮጌ ደብተሬን ይዘሽ፣ “አባባ፣ ‘ዛሬ ሃያ ስድስት ተኮስኩ’ ይላል፤ እውነት ነው?” ስትዪኝ፣ እኔ ሞኙ ደረቴን ነፍቼ፣

“እሷማ ምን አላት! አርባ የደረስኩበትም ቀን ነበር” አልኩሽ።

“አልከበደህም?”

“አንገታቸው ላይ ትንሽ ያስቸግራሉ እንጂ፣ ጫን ስትይባቸው ጸጥ ብለው ይተኛሉ።”

ፊትሽ አመድ መሰለ። ሻይሽን እንኳ ሳትጨርሺ ወጣሽ።

አንቺ ልጅ፣ የተኮስኩት ሸሚዝ ነው! በከሰል ካውያ!

ጦርነቱን የጨረስኩት ልብስ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው። አዛዣችን ሸሚዙ ከተጨማደደ ጦሩ የተሸነፈ የሚመስለው ሰው ነበር። አንድ ቀን ከምሽግ ሆኖ “ተኩስ!” እያለ ሲጮኽ ብሰማ፣ ካውያዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩና “የቱን፣ ጌታዬ?” አልኩት። ይህቺን መጽሐፉ ውስጥ ብትከቻት ውርድ ከራሴ!

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?” ትዪኝ ይሆናል። አፍሬ ነው፤ ግን በካውያው አይደለም። ከቁመቱ የተነሣ ቀጭኔው የምንለው ጓደኛ ነበረኝ። ሃያ ስድስት በተኮስኩበት ዕለት የምሽግ ተራው የእኔ ነበር። አዛዡ ግን “የሰልፉ ልብስ ዛሬውኑ ይድረስ” አለ። ቀጭኔው ጠመንጃውን አነሣና፣ “በቃ፣ አንተ እዚህ ተኩስ፣ እኔ እዚያ ልተኩስ፤ ማን ይለየናል!” ብሎ እየሳቀ በእኔ ተራ ወጣ።

አልተመለሰም። ከሃያ ስድስቱ ሸሚዞች አንዱ የእሱ ነበር፤ አጥፌ ብጠብቀው፣ ብጠብቀው፣ የሚወስደው ጠፋ።

አሁን አንቺ ኮረብታው ላይ እኔን አወጣሽኝ። እሱ በእኔ ተራ ሞቶ፣ እኔ በእሱ ተራ ጀግና ልሁን? ይሄ አይሆንም፣ ልጄ።

ስለዚህ ረቂቁ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ነይ። አሳሳቁን፣ አካሄዱን፣ ማንኮራፋቱን ሳይቀር እነግርሻለሁ። መልከ መልካምነቱን ለእሱ ስጪው፤ እየመረረኝም ቢሆን እፈቅዳለሁ። እጄንም ለመጨበጥ አትፍሪ። በጦርነቱ ሁሉ ሆን ብዬ ያቃጠልኩት የአዛዡን የሰልፍ ሱሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀጭኔው በቀረ በማግስቱ።

አንድም ሰው ያልገደለው አያትሽ