የላባዋ መንጠቆ ቋጠሮ

ታኬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። ባለፈው እሁድ ሙት ዓመትህን አወጣን፤ የሽንፋ ሰው ግቢያችንን ሞልቶ በላ፣ ጠጣ፣ አመሰገነህም። ሰሊጡን ዘንድሮ ወንድምህ ደሴ አጨደልኝ። አሮጊቷ አህያችን ሞተች። በረንዳ ላይ የምትቀመጥባትን ወንበር ለጎረቤት ሰጠኋት፤ ባየኋት ቁጥር እየተናደድኩ አስቸገረኝ።

የንዴቴን ምክንያት በሕይወት ሳለህ ልነግርህ አልደፈርኩም። ሱዳን ለቀን ሥራ በሄድክ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ያሳየህን የላባ መንጠቆ የማሰር ሙያ፣ ዓይንህ ሲደክም ለእኔ አስተማርከኝ። የአውራ ዶሮ አንገት ላባ፣ ከጆንያ የተመዘዘ ክር፣ ትንሽ ሰም። ላባውን መንጠቆው ላይ አስተኝቼ ክሩን ስጠመጥም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ውሃ ውስጥ ስትገባ ላባዋ ትከፈትና ነፍስ ያላት ትመስላለች። ዓሣ ትል የሚበላው ርቦት ነው፣ ላባ የሚነክሰው ግን ተናዶ ነው ትለኝ ነበር። ወደድኩት ሥራውን። ካንተ ይልቅ እሱን ሳልወድ አልቀረሁም።

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ አሰርኩ፣ አንተ ተሞገስክ። ከመተማ ዮሐንስ ድረስ የታከለን መንጠቆ ብለው ይመጡ ነበር። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም፤ ባልና ሚስት ነን፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ። በኋላ ግን አንድ ቀን ወንዙ ዳር ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ በጅግራ ላባ የሠራኋትን፣ ሦስት ቀን የለፋሁባትን መንጠቆ ይዤልህ መጣሁ። ደሴ የሷ እጅ ነው እንዴ ሲልህ ሳቅህ። የሴት ቋጠሮ ዓሣ ሳይነካው ይፈታል ብለህ ከመዳፌ አንስተህ ወንዝ ውስጥ ወረወርካት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ዘንጌን አዘጋጂልኝ አልከኝ። ሌላ ጊዜ የዘንጉን ክር መንጠቆው ላይ ስድስት ዙር ጠምዝዤ፣ በምራቄ አርጥቤ ነበር የማጠብቀው። የዚያን ቀን ሁለት ዙር ብቻ ጠመዘዝኩና ደረቁን ተውኩት። ትልቅ ዓሣ አምልጦህ ሰው እንዲስቅብህ ነበር የፈለግኩት። አንተ ግን መንጠቆ ውሃ ውስጥ ትተህ አትመጣም፤ ገብተህም ቢሆን ታወጣለህ። ይህን ዘንግቼው ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ራሴን አታለልኩ። አልዘነጋሁትም። ዓሣው ላባዋን ይዞ ሲሄድ ተከትለኸው ወንዙ ውስጥ ገባህ። ደሴ ደርሶ ያተረፈው ዘንግህን ብቻ ነው። አስከሬንህን በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ታች አገኙት።

ከዚያ ወዲህ አጥማጆቹ እየመጡ ከሟቹ እጅ የተረፈ አለ ወይ ይሉኛል። ትናንት ያሰርኩትን አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። አገላብጠው አይተው፣ እንዲህ የሚያስር ሰው ከእንግዲህ የለም ብለው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። የኔ ነው ብል የመጨረሻዋንስ ማን አሰራት ይሉኛል። ስለዚህ ያንተ ነው ብለው እንዲወስዱ ተውኳቸው። ሞተህም ሥራዬን ስትወስድ ከረምክ።

በሙት ዓመትህ ቀን ደሴ ዘንጉን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል አመጣው። የክሩን ጫፍ አየና ቆመ። አልተበጠሰም፤ ጫፉ ተጠቅልሏል። የተጠቀለለ ጫፍ ቋጠሮው ተፈትቷል ማለት እንደሆነ እዚያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ይህን የቋጠረው ማነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ተገኘ።

የታከለ እጅ ነው አልኳቸው።

ደሴ እንባው መጣ። አንድ ሽማግሌ፣ ምስኪን፣ በስተመጨረሻ እጁ ከድቶታል አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ አጥማጅ መጣ። ያንተን መንጠቆ አልፈለገም፤ ቋጠሮው ይፈታል ሲባል ሰምቷል። ይቺ የኔ ናት ብዬ ሰጠሁት። ስቦ ስቦ ሞከራት፣ ያዘች። ልጁን አምጥቶ እንዳስተምርለት ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ደስ አለኝ፣ ታኬ። ዓመት ሙሉ ካለቀስኩት ይልቅ ይህ ደስታዬ ያስፈራኛል።

ይቅር በለኝ አልልህም። እኔም ይቅር አላልኩህም። ክር ባጠበቅሁ ቁጥር ግን አስታውስሃለሁ፤ እስክሞት ድረስ ሌላ ሥራ የለኝም።

ባለቤትህ ጥሩነሽ