ለማሟሻ የተከፈተ ሲዲ

አያት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለቤቴል፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ላርም። የአክስትሽ ልጅ ትግስት «እናትሽ ደንቁረዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ እያስጮኹ ብቻቸውን ይቀመጣሉ» ብላ እንደጻፈችልሽ ሰምቻለሁ። ሦስት ስሕተት አለበት። አልደነቆርኩም። አይጮኽም፤ የድምፁ ቁልፍ ከግማሽ አልፎ አያውቅም። ብዙውን ጊዜም አብሬው አልቀመጥም። ትግስት ከልጅነቷ ጀምሮ የነገሯትን ሳትጨምርበት አስተላልፋ አታውቅም።

እንደምን ሰነበትሽ? ናይሮቢ በዚህ ወር ይዘንባል ይባላል። አንገትሽን ሸፍኚ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ነሐሴ ላይ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ የጆሮ ሐኪም ሄጄ ነበር። በጠባብ ክፍል አስቀምጦ ማዳመጫ አጠለቀልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዘኝ። ውጤቱን በወረቀት አሳየኝ፤ መስመሩ ጥሩ አድርጎ ይሄድና ወደ ቀኝ ሲደርስ እንደ እንጦጦ ቁልቁለት ይወርዳል። «ቀጫጭን ድምፆች ናቸው ቀድመው የሚሄዱት፤ የቀኙ ብሷል፤ ግን ቀስ በቀስ ነው» አለኝ። ቀስ በቀስ መሄድና መደንቆር አንድ አይደሉም። ሆኖም ከዚያ ወጥቼ መገናኛ ድረስ በእግሬ ስመጣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የአንቺ ድምፅ ቀጭን ነው።

የላክሽልኝ ሲዲ ዘጠኝ ዓመት ከነላስቲኩ ከቤቱ ካርታ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መዘምራኑን ትተሽ ወደ ዘፈን የሄድሽ ጊዜ በሽማግሌዎች ፊት ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ፤ «ይህ ዘፈን በቤቴ አይሰማም» አልኩ። የተናገርኩትን የማልጠብቅ ሴት ብሆን ኖሮ አርባ ዓመት መዘምራን ባላሠለጠንኩ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለ ጤናና ስለ በዓል ብቻ ነው የምናወራው።

ስለዚህ ትግስት ይጮኻል ያለችውን ስፒከር የገዛሁት ለመዝሙር ነው። ለሻጩም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሻጩ ኤርሳዶ ይባላል። ጎልማሳ ነው፤ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ወፍራሙን ድምፅ ይዘምራል፤ ስለዚህ አመንኩት። ሁለቱን ሳጥኖች ራሱ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣና ርቀቱን በስንዝር ይለካ ጀመር። የልብስ ሰፊ ሜትሬን አመጣሁለት። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር፣ በመካከላቸው ሁለት ሜትር፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሬም ሁለት ሜትር።

«እኩል ነው?» አልኩት።

«በግምት እኩል ነው፣ እትዬ ፈለቀች።»

«በግምት የሚባል ርዝመት የለም።»

ሳቀና እንደገና ለካ። ከዚያ ወንበሬ ላይ አስቀምጦኝ አንድ መዝሙር ከፈተልኝ። ልክ እንደ ጀመረ «ዘማሪዋ መሐል አይደለችም፤ ወደ ግራ ሄዳለች» አልኩ። ከኋላ ዞሮ ሽቦዎቹን አየ፤ ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር ገብቷል። አስነሥቶኝ በቦታዬ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«መሐል ናት» አለ።

«ግራ ናት።»

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ የቀኙን ሳጥን አንድ ስንዝር ወደ እኔ አስጠጋው። «አሁንስ?»

«አሁን መሐል ገባች።»

ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ አዲስ ስፒከር እንደ ሸክላ ድስት መሟሸት እንዳለበት ነገረኝ። ውስጡ ገና ጠንካራ ነው አለ። መቶ ሰዓት ያህል መጫወት አለበት፤ እኔ ቤት ባልኖርም ይጫወት፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይከፈታል።

«ስብከት ይሆናል?» አልኩት።

«ስብከት አያሟሽም፣ እትዬ። ሰባኪው ራሱ የተሟሸ ካልሆነ በቀር።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ሰዓቱን በደብተር እይዛለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመጋረጃው በኩል ስትገባና ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ድምፁ ከሳጥኑ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሆኖ የቆመ ይመስለኛል። በሩቅ ባቡሩ ወደ መጨረሻው ጣቢያ ይገባል፤ ሲገባ አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም፤ ከመዝሙሩ ሥር ተንሸራቶ ያልፋል። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖሽ፣ በነጭ ካልሲ ወንበር ላይ ቆመሽ አየሁሽ። መዘምራኑ በሙሉ ያንቺን መጀመር ይጠብቃሉ። እጄን አነሣሁ። ትንፋሽሽን ሳብሽ፤ ትከሻሽ እንኳ ከፍ አላለም፣ እንዳስተማርኩሽ። አፍሽን ከፈትሽ፤ ምንም አልወጣም። ሰዎቹ ግን ሁሉ ፈገግ አሉ። ስነቃ መዝሙሩ አልቆ ሳጥኖቹ ዝም ብለው ያዩኛል።

ስድሳ ሰዓት ሲሞላ ኤርሳዶ ሊያይ መጣ። ሰማና ራሱን ነቀነቀ፤ ወፍራሙ ድምፅ ገና አልተፍታታም አለኝ።

«ጠንከር ያለ ከበሮና ቤዝ ያለው ነገር የለዎትም?»

«የዓለም ዘፈን ማለትህ ነው?»

«እኔ ዘፈን የሚል ቃል አልወጣኝም። ቤዝ ነው ያልኩት።»

እሱ ከሄደ በኋላ መሳቢያው ፊት ብዙ ቆምኩ። ማሟሸት ማዳመጥ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ድስት የሚያሟሽ ሰው ውኃውን ይደፋዋል እንጂ አይጠጣውም። ላስቲኩን በመቀስ በጠርዙ በኩል ቆረጥኩ። ፎቶግራፍሽን ከሚያስፈልገው በላይ አላየሁም። ሲዲው እየተደጋገመ እንዲጫወት አድርጌ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሳይመጣ ወጥቼ በሩን ቆለፍኩ። ቃሌን አላፈረስኩም፤ በቤቴ አልሰማሁም።

የመጀመሪያውን ቀን ባቡር ውስጥ አሳለፍኩት። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት፤ በመስኮቱ ያላለቁ ሕንፃዎች ከነእንጨት ርብራባቸው እንደ ደመና ያልፋሉ፤ እኔ ግን የትኛው ዘፈን ላይ ደርሰሽ ይሆን እላለሁ። ሁለተኛውን ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴን ስላመመኝ ከሰዓቱ በፊት ተመለስኩ።

ከበታቼ የምትኖረው ሐሊማ በእሷና በእኔ ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ! እማማ ፈለቀች፣ ቀስ ይበሉ። ጥሩው ቦታ ሊመጣ ነው።»

«የምኑ ጥሩ ቦታ?»

«የልጅቷ ዘፈን ነዋ! ሦስት ቀኔ እዚህ ስቀመጥ። ይኸው ምስሩን ሦስቴ ለቀምኩት፤ ጠጠር ቢጠፋብኝ ደኅነኛውን መጣል ጀምሬያለሁ።»

«ተነሺ፤ ሲሚንቶው ያሳምምሻል።»

«ይልቅ እርስዎ ይቀመጡ!» አለችና እጄን ሳበችኝ።

ተቀመጥኩ። ደረጃው የጋራ ነው፤ ቤቴ አይደለም።

በበሩ ውስጥ ድምፅሽ መጣ፣ ቤቴል። ከቃሉ በፊት ትንፋሽሽን አወቅሁት። ከታች ጀመርሽ፤ እንደምታስቢ ሰው ቀስ ብለሽ። ከዚያ መውጣት ጀመርሽ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እያንዳንዱን ደረጃ እኔም በልቤ አብሬሽ ረገጥኩ። ወዴት እንደምትሄጂ ገባኝ። ከዚያ ጠፋሽ። ከበሮው ቀጠለ፣ ክራሩ ቀጠለ፤ አንቺ የለሽም። ዘጠኝ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ሲዲው ተበላሽቷል ብዬ ለሐሊማ ልነግራት ዞርኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ምስሩ ላይ ቆሟል። ፊቷ ቀና ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ። ሲዲው አልተበላሸም ነበር። ድምፅሽን ፊቷ ላይ አየሁት።

ከዚያ ወረድሽ፤ እንደገና ሰማሁሽ።

«ይህች ልጅ ማን ናት ግን?» አለችኝ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች።

«ልጄ ናት።»

«ውሸት! በአላህ?»

«ልጄ ናት አልኩሽ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሦስት ቀን ሙሉ ቆልፈውባት የሚወጡት?»

ከሰፌዷ ላይ ምስር አንሥቼ እሷ የለቀመችውን መልቀም ጀመርኩ።

ይህ የሆነው ዛሬ ነው። ስልክ ያልደወልኩልሽ በስልክ ድምፅሽ ተጨምቆ ስለሚመጣና ግማሹ ስለማይደርሰኝ ነው፤ ይህንን ለትግስት መንገር አያስፈልግም። የሐሊማ ወንድም ሊባን ነገ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ይመጣል፤ ደብዳቤውን በእጅሽ ይሰጥሻል። ሻይ ጠጥቶ እንዲሄድ አድርጊ።

አንድ እርማት አለኝ። ያ ከፍታ ከመድረሱ በፊት፣ የመጨረሻው ቃል ሳያልቅ ቀድመሽ ትተነፍሻለሽ። ትንሽ ነው፤ ሌላ ሰው አያውቀውም። እንዲህ ያለው ነገር ግን በደብዳቤ አይስተካከልም። አስተማሪና ተማሪ ፊት ለፊት ቆመው ነው። የግራ ጆሮዬ ገና ደኅና ነው፤ ሐኪሙም ይህን ጽፎልኛል። የአንቺ ክፍል እንደ ነበረ ነው፤ አንሶላውን በየወሩ እቀይራለሁ።

የምትቆሚበትን መድረክ ሁሉ እግዚአብሔር ከእግርሽ በታች ያጽናልሽ። የሰጠሽን ድምፅ እሱ ራሱ ይጠብቀው፤ እኔ የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር።

መቶው ሰዓት ሊሞላ ዘጠኝ ይቀራል። ይቅር።

ነገ መጀመሪያ ሊባን ለመንገድ ሳይነሣ ወርጄ ይህን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ከመኝታ ቤት ሁለተኛ ወንበር አውጥቼ ፊቱን ወደ እኔ አዞረዋለሁ። ሐሊማን ከሲሚንቶው ላይ አስነሥቼ አስገባታለሁ፤ በሩንም ከውስጥ እዘጋለሁ። ሲዲውን ከመጀመሪያው ከፍቼ እቀመጣለሁ። እኔ ወደማልደርስበት ስትወጪ ሐሊማ እጇን ከፍ እንድታደርግልኝ፣ እስክትመለሺም እንዳታወርደው እነግራታለሁ።

እናትሽ
ፈለቀች ረታ