ያልተባረከ ወይን

ሳማትያ፣ ኢስታንቡል
ኦገስት 14 ቀን 1985

ለምወድሽ ልጄ ለሄርሚኔ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የማርሴይ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም፤ የአክስትሽ ልጅ ቫሃን ዓርብ ሲሳፈር በኮቱ ገበር ውስጥ ይዞልሽ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ደህና አይደለንም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁንም ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወረቀቱን ዱቄት ዕቃው ሥር እየሸጎጥኩ ነው የምጽፈው። ዱቄት ብታገኚበት እንዳትስቂብኝ።

የላክሽው ቴፕና ባዶዎቹ ካሴቶች ደርሰውኛል። ደብዳቤሽም ደርሷል። «አያቴ ሳትሞት በዓይኗ ያየችውን ትናገር፤ በአርመኖች ላይ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት እያወቁ ዝም የሚሉ ከገዳዮቹ በምን ይሻላሉ?» ብለሻል። ያን ቃል ደግሞ ከሥሩ አስምረሽበታል። እኛ ቤት «ያ ዓመት» ነው የሚባለው፤ እሱም በሹክሹክታ። አንብቤ ስጨርስ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ተናድጄብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ማርሴይ ሰገነት ላይ ተቀምጦ መጀገን ቀላል ነው። ወንድምሽ ጋርቢስ ግን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ሳሪካምሽ ነው ያለው፤ በመቶ ወታደር መሀል አንድ አርመን እሱ ብቻ። የሚለቁት በየካቲት ነው። ደብዳቤው ተከፍቶ ነው የሚደርሰን፤ «ሁሉም ሰላም ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው» ይላል። ጋርቢስ ምግብ ጥሩ ነው ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ካለፈው ወር ወዲህ እሱም ቀርቷል።

እና አሁን ደግሞ፣ ስሚኝ፣ አያትሽ መናገር ጀመረች። ሰባ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል የኖረች ሴት፣ ከፋሲካ ወዲህ የዕድሜ ነገር ሆኖ ጥንቃቄዋ ጥሏት ሄደ። መስኮት ላይ ትቀመጥና ለሐብሐብ ሻጩ ሳይቀር «እኛ ታላስ ሳለን» እያለች የተወለደችበትን አገር ታወራለታለች። ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ፤ እሷ ከሬዲዮው በላይ ትሆናለች። አባትሽ «ወይ እሷን ወይ ዘፋኙን ዝም አሰኚልኝ» ይለኛል። በዚህ ሙቀት መስኮቱን ዘግቼ ሁላችንንም ቀቀልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጎረቤታችን ወይዘሮ ነዚሄ ከላይኛው ፎቅ ወረደች። ኩፍኝ ይዞሽ ሳለ ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ያስታመመችሽ፣ መቼም አትረሻትም። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን አምና ልጇን ለፖሊስ ዳረች፤ አማችየው እራቱን የሚበላው እሷ ማዕድ ላይ ነው። «ማዳም ማክሩሂ፣ ከወንድሜ ማሳ የመጣ የዓመቱ የመጀመሪያ ወይን ነው» አለችና አንድ ሳህን ሙሉ ይዛ ገባች። እኔ እንደየዓመቱ «እጅሽ ይባረክ» ብዬ ተቀብዬ፣ ሳይባረክ አይበላምና ፍልሰታ ደርሶ ቄሱ ወይኑን እስኪባርኩ ላስቀምጠው ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ አያትሽ ሄደች።

«እማማ፣ አንዲት ፍሬ ቅመሺልኝ።»

አያትሽ ፍሬዋን አገላብጣ አየቻት። «ቄሱ ባርከውታል?»

«ኧረ እኔ ሁለቴ አጥቤዋለሁ» ብላ ነዚሄ ሳቀች።

«እኛም አልበላንም» አለች አያትሽ። «ወታደሮቹ ሲነዱን በገዛ ወይናችን አጠገብ ነው ያሳለፉን። ደርሶ ጠቁሯል። ሁለት ቀን እህል አልቀመስንም። ትንሹ ወንድሜ ሮጦ አንድ ዘለላ ቆረጠ። እናቴ እጁን መታችው። እሁድ ይባረካል፣ እስከ እሁድ ታገሥ አለችው። ጣለው። ዓርብ ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር። እሁድ ዕለት እናቴ የመታችበትን እጇን ስትነክስ ዋለች።»

ሄርሚኔ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። አጎት እንደነበረኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አያትሽ ከተባረከም በኋላ ወይን አትቀምስም ነበር፤ እኛ ጨጓራዋ ነው እንል ነበር።

እና እኔ ምን አደረግኩ? አለቀስኩ መሰለሽ? ሳቅኩ። «አትፍረጂባት ወይዘሮ ነዚሄ፣ ሕልም ነው የምታወራው፤ ጭንቅላቷ ሄዷል» አልኩ። አያትሽ ቀና ብላ አየችኝ። ነዚሄ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በሩ እንደተዘጋ አያትሽ እግር ሥር ተደፋሁ። «እማዬ፣ ጋርቢስ እኮ ወታደር ነው። ይቺ የፖሊሱ አማት ናት። ወሬው ሰፈር ደርሶ አንዱ ቢጽፍበት፣ ልጄን እዚያ በረዶ አገር ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም።» ፀጉሬን ደባበሰችኝ። «ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። «ሃያ አንድ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም። ስለ ታላስም፣ ስለ ሾርባው ጨውም።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንን። ነዚሄ ብቅ አላለችም፤ እኔ ግን ጣሪያው ላይ ኮቴዋን ስከተል እውላለሁ። ኩሽና ገባች፣ መኝታ ቤት ሄደች፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? አማቿ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ «ደህና ዋሉ ማዳም» አለኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይቺን «ደህና ዋሉ» ሳመነዥካት ከረምኩ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ረጋ ብሎ ነበር የሚላት? ቴፕሽንም አንድ ጊዜ አውጥቼ አያትሽ ጎን አስቀመጥኩት። የሞተውን ወንድሟን ስም ብቻ እንድትነግረኝ ነበር። ቀይዋ መብራት ስትበራ እኔው ደንግጬ አጠፋሁት።

ዛሬ ጠዋት ነዚሄ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልቀመጥ አለች። ዓይኗ አብጧል።

«ማዳም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አለች። «ነገ ቤቴ ቁርኣን ላስቀራ ነው። ለዚያ ሕፃን ዱዓ ላስደርግለት። ስሙ ማን ነበር?»

ልጄ፣ በዓለም ላይ ያን ስም ከእኔ የበለጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የለም። ግን የታየኝ ነገ ስሙ ሲጠራ፣ ሴቶቹ «የማን ልጅ ነው?» ሲሉ፣ ማታ ደግሞ አማቿ እዚያው ማዕድ ላይ ሲጠይቃት ነው። «የምን ሕፃን?» አልኳት። «ነገርኩሽ እኮ፣ ሕፃን የሚባል የለም።» አላመነችኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወንበሯ ላይ ወደተቀመጠችው አያትሽ አየች።

«እማማ?» አለቻት።

አያትሽ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አፏን ከፈተች። ፈገግ ብላ፣ ጥርት ባለ ቱርክኛ፣ «ልጄ እውነቷን ነው። እኔ ወንድም ኖሮኝ አያውቅም» አለች።

ጭንቅላቷ አልሄደም፣ ሄርሚኔ። «ከገዳዮቹ በምን ይሻላሉ?» ላልሽኝ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ነዚሄ ከሄደች በኋላ ወደ አያትሽ ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ፤ ስሙንም አልጠየቅኳት፣ እንግዲህም እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት አላውቅም።

ወንድምሽ በየካቲት እስኪገባልኝ ይህን ለማንም እንዳታነቢ፤ አንብበሽ ስትጨርሺም አንቺም ዝም በይ። እመቤታችን አንቺንም ልጆችሽንም በክንፏ ትሸፍንልኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ፤ ያዘነብሽን ልቤን ታብርድልኝ። አያትሽ ግንባርሽን ስማሻለች ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤ ግን አልተናገረችም፣ እኔ ነኝ የምስምሽ።

እናትሽ
ማክሩሂ