ደወሉን ብርድ ልብስ ላለበሱት ሰብሳቢ

ይድረስ ለተከበሩ የቤተ ክርስቲያናችን የደወል ማሳደሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን፣ የቤተሰብዎን፣ በተለይም የእንቅልፍዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከእንቅልፍ ጋር ከተሰነባበትኩ ቆይቻለሁና እርስዎ እንኳ በሰላም ቢያድሩ ደስ ይለኛል።

አሮጌው ደወል ከማማው ወርዶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ የበሰበሰው መስቀያ እንጨት ተለውጦ ዳግም ሲሰቀል አንገቴ እስኪጣመም አንጋጥጬ አይቻለሁ። ያማረ ሥራ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ድፍረቴን ይማሩኝና ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ እርስዎ፣ ለምረቃው የተጠሩት የክብር እንግዳ መጥተው እስኪመርቁት ድረስ የተወለወለው እንዳይጫጫር ብለው የደወሉን መምቻ ብረት በብርድ ልብስ ጠቅልለው አሳስረዋል። ደዋያችን ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በሰዓቱ እየመጣ ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትታል፣ ከላይ ትራስ የሚደበደብ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ላቡን ጠርጎ ይሄዳል። ምነው ቢሉት የእኔ ሥራ መጎተት ነው፣ ማሰማቱ የኮሚቴው ነው ይላል።

ሁለተኛ፦ ዓይነ ስውር እናት አለችኝ። ቀኗን የምታውቀው በደወል ነበር፤ ሲደወል ትነሣለች፣ ሲደወል ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ለጸሎት ትሄዳለች፣ ሲደወል ትተኛለች። አሁን ሌትና ቀኑ ተደበላልቆባታል። ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትቆማለች፣ ታወልቃለች፣ ደግሞ ታደርጋለች፤ አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አልደወለም እንዴ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች። ሰዓቱን ብነግራትም አንቺ ድሮም ሰዓት አታውቂም ትለኛለች። ጨነቀኝ፣ ክቡር ሆይ!

ሦስተኛ፦ ጽፌው ነበር፤ ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ።

እንግዳው ሥራ ስለበዛባቸው ምረቃው ዳግመኛ መተላለፉን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ማማው ላይ ሰቅለው በዓይናችን ስላሳዩን ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም።

ጆሮዋን ወደ ማማው ቀስራ በጎ ፈቃድዎን የምትጠባበቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የምትኖር ትሑት ጎረቤትዎ

ተጨማሪ፦ እናቴ ትናንት ደወሉ አመለጠኝ ብላ ብቻዋን ወጥታ አስፋልቱ መሃል ቆማ ተገኘች። አንድ የታክሲ ሹፌር እንደምንም ፍሬን ይዞ አተረፋት፣ እጇንም ይዞ አመጣልኝ። ነገ እንዲህ ያለ ሹፌር ባይገኝስ? ለቀብሯ መደወሉ መቼም አይቀርም፤ ያን ዕለት ብርድ ልብሱን ያስፈቱልናል ወይስ አስከሬኑን ይዘን እንግዳውን እንጠብቅ? ቁርጡን ይንገሩኝ። እሷ ግን በቁሟ ብትሰማው ትመርጣለች።