ከስዕሎቹ ጎን የተሰቀለው ፎቶ

ጅዳ ላለሽው ልጄ ለመሠረት፣ ማርያም በሰው አገር ሞገስ ትሁንሽ። ከባድ ዜና ስላለኝ ተቀምጠሽ አንብቢ፤ እናትሽ ተከስሳለች። ከሳሹ ልጅሽ ነው።

ዓለምነው እንደምታውቂው አይናገርም። ደብረ ታቦር ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምታስተምረው ፈትያ፣ «የሚፈልገውን ነገር ስዕል ግድግዳ ላይ ስቀሉለት፤ አንስቶ ሲያቀብላችሁ ነገሩን ወዲያው ስጡት» አለችን። የዳቦውን ሲሰጠኝ ዳቦ፣ የውሃውን ሲሰጠኝ ውሃ ስሰጠው፣ እጁን መንከሱን ተወ። እኔ ቂሏ ደግሞ ግድግዳው እንዲያምር ብዬ ያንቺን ፎቶ ከስዕሎቹ ጎን ሰቀልኩ። በማግስቱ አንስቶ እጄ ላይ አኖረውና በሩን እያየ ጠበቀ። ምን ልስጠው? ፎቶውን ደበቅኩት።

አሁን በየጠዋቱ ከባዶው ቦታ ባዶ እጁን አምጥቶ ያቀብለኛል። ከኋላዬ በሩን ሲያይ እኔም ዘወር ብዬ አያለሁ። የዳቦውን ስዕል መስጠት ትቷል፤ እጁንም እንደገና መንከስ ጀምሯል።

ስለዚህ ፎቶውን እመልሰዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውይ፤ ሲያቀብለኝ አንቺን እሰጠዋለሁ። ደግሞ ፀጉርሽን አበጥሪ፤ ፎቶውን ካልመሰልሽ አይረከብሽም። በስልክ ያልነገርኩሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ክሱም እንደፈራሽው አይደለም፤ በአንዲት ጉርድ ፎቶ ነው።

እናትሽ