የማን ልጅ እንደሆነ ስጠየቅ

ይድረስ ለልጄ ለኤምሊን፤ የኳታሩን ሙቀት ያብርድልህ፣ የሥራ ባልደረቦችህን ደግ ያድርግልህ። እኛ ለዕረፍቱ ባርቤዶስ በሰላም ገብተናል። አባትህ ገና በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ለብልቦት ቲማቲም መስሏል፤ ኮፍያ አድርግ ብለው መቼ ሰምቶኝ! አንተም ውሃ ጠጣ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ስንመጣ የተሳፈርንበት የአውሮፕላኑ ርካሽ ክፍል መፈናፈኛ የለውም። ሚስትህ ካሪስ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከኋላ፣ እኔ ለጉልበቴ ብዬ እግር መዘርጊያ ካለው ከፊት ተቀመጥን። ትንሹ ቶሞስ ከተነሳን ጀምሮ ያለቅሳል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ፣ "ኤዲያ! የማን ልጅ ነው? እናት የለውም እንዴ?" አለችኝ። አፍሬ፣ "እኔ ምን አውቄ!" አልኳት።

ወዲያው እህቱ ማሊ "አያቴ! ቶሞስ እማዬ ላይ አስታወከ!" እያለች ጭኔ ላይ ወጣች። ቀና ስል ካሪስ ቶሞስን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። ሴትዮዋንም እኔንም አይታ፣ "ስለረበሽናችሁ ይቅርታ" አለች፣ ልክ እንደ ባዳ።

ከዚያ ወዲህ "እማማ" ብላኝ አታውቅም። "ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ዳቦ ይጨመርልዎት?" ትለኛለች።

አደራ፣ አንተ እንዳታማልደኝ፤ ይቅርታውን ራሴ እጠይቃታለሁ። ስንመለስ ቶሞስን የማቅፈው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴም የራሱ ጉዳይ።

ክፉ አይንካህ፣ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። ብቻ አንድ ነገር ጸልይልኝ፤ ቶሞስ በመልሱም ጉዞ ትንሽ ያልቅስልኝ። የጠየቀኝን ሁሉ "የእኔ ነው" እንድለው።

እናትህ